የፍቅር ፊልም የሚያሳየንና የማያሳየን አገር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር



ለዚህ በዓል የተናጋሪዎች ስም በተያዘ ጊዜ አንዱ ስለ ግብርና፣ ሌላው ስለ ጤና፣ ሦስተኛው ስለ መልካም ጠባይ እንዲናገር ተወስኖ ነበር። ለእኔ የቀረ ርእስ ስላልነበረ ራሴ እንድመርጥ ተፈቀደልኝና ስለ ፍቅር ፊልም ለመናገር መረጥሁ። ይህን ሲሰሙ አንዳንድ ወላጆች ፊታቸውን እንዳያጠቁሩብኝ እለምናለሁ። የምናገረው ስለ መሳሳም አይደለም፤ ስለ ጂኦግራፊ ነው።

የፍቅር ፊልም ያየ ሰው፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ አይቶት የማያውቀውን አገር ይናፍቃል። ያንኑ አገር ከዚያ በፊት በካርታ ላይ መቶ ጊዜ አይቶት ይሆናል። በታችኛው ክፍል ሳለሁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ ተሰቅሎ ነበር። ኢጣሊያ ቡት ጫማ ትመስላለች እያልን እንሥቅ ነበር እንጂ ከመካከላችን ሮማን ለማየት የተመኘ አንድም ልጅ አልነበረም። ካርታ መንገዱን ያሳያል፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ግን አይሰጥም። ፊልሙ የሚሰጠን ይህንን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ድልድይ ላይ ሲገናኙ፣ ሲኳረፉና ሲታረቁ ስናይ ሰዎቹን ስንወድ ድልድዩንም አብረን እንወድዳለን። ገንዘብ ያለው ቲኬት ቆርጦ ድልድዩን ለማየት ይሄዳል። ገንዘብ የሌለው እንደ እኔ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ኀይል ፈርተውት እንደ ነበር ከስሙ ይታወቃል። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን የጥንት ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ይጠራው ነበር። ዛሬ ያ ቤት ተጣጥፎ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ ሹም አቦ ተቀምጦ ሮማን ለማየት የሚያስፈልገው ስልክና ትንሽ የካርድ ገንዘብ ብቻ ነው። (የውጭዎቹን ፊልሞች ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን ነገር በራሳችን አቆጣጠር እናገራለሁና አድማጮቼ እንዳትደናገሩ።)

እንግዲህ ከሮማ ልጀምር። በ1953 እ.ኤ.አ. «ሮማን ሆሊደይ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ወጣ። ያዘጋጀው ዊልያም ዋይለር፣ የተጫወቱትም ኦድሪ ሄፕበርንና ግሪጎሪ ፔክ ናቸው። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ልዕልት ለመንግሥት ጉብኝት ሮማ መጥታ ሳለ ሥነ ሥርዓቱና ጉባኤው ሰልችቷት ሌሊት ታመልጣለች። አንድ ጋዜጠኛ ያገኛትና ቀኑን ሙሉ አብረው ይውላሉ። ጠጕሯን ትቈረጣለች፤ በደረጃ ላይ ሆና አይስክሬም ትበላለች፤ ቬስፓ በሚባለው ሞተር ቢስክሌት ከተማውን ያተራምሳሉ። በመጨረሻም እርሷ ወደ ግዳጇ፣ እርሱ ወደ ሥራው ይመለሳሉ። ፊልሙ የተነሣው በዚያው በሮማ ነበርና ያየው ሰው ሁሉ ከተማውን በእግሩ የዞረ ያህል ይሰማዋል። በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አፉን የከፈተ ትልቅ የድንጋይ ፊት አለ፤ ውሸታም እጁን ቢያስገባ ይነክሰዋል ይባላል። ጋዜጠኛው እጁን አስገብቶ ልዕልቲቱን ሲያስደነግጣት እናያለን። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አልፎ ሳለ ዛሬም አገር ጎብኚዎች እንደ እርሱ እጃቸውን አስገብተው ፎቶግራፍ ለመነሣት ይሰለፋሉ።

አሁን ደግሞ ፊልሙ ያላለውን ልናገር። ይህ የድንጋይ ፊት ያለው በጥንቱ የሮማውያን የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ በአንደኛው ጫፍ ነው። ከዚያው ሜዳ በሌላኛው ጫፍ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ ያን ጊዜ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ፋሽስቶች በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ወስደው እዚያ የተከሉት፣ 24 ሜትር የሚረዝመው ያ ሐውልት ነው። ልዕልቲቱ በቬስፓ በምትንሸራሸርበት በዚያ ወራት የእኛ ድንጋይ እዚያው አጠገብ በስደት ቆሞ ነበር ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ ግን ስለ እርሱ አንድ ቃል አይነሣም። ፊልም ሠሪውን አልወቅስም፤ የተነሣው ስለ አንዲት ልዕልት ሊነግረን እንጂ ስለ አክሱም አልነበረም። እኔ ግን ይህን ካወቅሁ በኋላ ፊልሙን እንደ ገና ሳየው ዓይኔ ከተዋንያኑ እየሸሸ ወደ ሥዕሉ ዳርና ዳር መሄድ ጀመረ።

ከፊልሙ በኋላ ሰባት ዓመት ቈይቶ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቍጣጣሽ ዋዜማ፣ በዚያው በሮማ የኦሊምፒክ ማራቶን ተሮጠ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ወደ መጨረሻው ገደማ በዚሁ ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ በቆንስታንጢኖስ ቅስት ሥር አንደኛ ሆኖ ገባ። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በቦታው ቆመ። እንግዲህ ከእኛ መካከል አንዱ ዕድል ገጥሞት ያን ፊልም ተከትሎ ሮማ ቢሄድ፣ እጁን በድንጋዩ አፍ ካስገባ በኋላ ወደ ሌላኛው ጫፍ እንዲሄድ አደራ እላለሁ። ሐውልቱን አያገኘውም፤ ቦታውን ያገኘዋል።

ስለ ልዕልቲቱም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ያወቅሁ ቀን ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬአለሁ። ኦድሪ ሄፕበርን በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በ58 ዓመቷ ኢትዮጵያ መጥታለች። የመጣችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት መልእክተኛ ሆና ነው፤ ለዚያ ሥራ የመጀመሪያ ጉዞዋም ይህ ነበር። በመቀሌ በረኀብ የተጎዱ ሕፃናት ያሉበትን ማሳደጊያ ጎበኘች። በፊልም ሮማን ያስወደደችን ሴት በእውነተኛው ዕድሜዋ የመጣችው ወደ እኛ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በአገራችን ጦርነትና ረኀብ ነበር። የሮማውን ፊልም የሚያውቅ ሰው የመቀሌውን ፎቶግራፍም ጎን ለጎን ቢያይ መልካም ነው።

ከሮማ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ልሻገር። የሚያሻግረንም የቤታችን ቴሌቪዥን ነው። ቃና የተባለው ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የቱርክ፣ የህንድና የኮሪያ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ እየተናገሩ በየቤቱ ገብተዋል። ማታ ማታ ወጥ እየተማሰለ የኢስታንቡልን የባሕር ወሽመጥ ያላየ ቤት ጥቂት ነው። ሰዎቹ አማርኛ ሲናገሩ አገራቸው ቅርብ ይመስላል፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከዳንግላ ቀጥሎ የሚገኝ እንጂ ባሕር ማዶ ያለ አይመስልም። ኮሪያውያንም በዚህ ነገር የታወቁ ናቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. «ዊንተር ሶናታ» የተባለ የፍቅር ድራማ በቴሌቪዥን ሠርተው ነበር፤ እርሱን ያዩ ጃፓናውያን፣ ይልቁንም እናቶች፣ ድራማው የተነሣበትን ናሚ የተባለ ደሴት ለማየት በብዛት ጐረፉ። ደሴቱ ያለው በቹንቾን ከተማ ክልል ነው።

ቹንቾን የሚለውን ስም ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የታሪክ መምህራችን ስለ ቃኘው ሻለቃ ያስተማሩን ጊዜ የጠቀሱት ከተማ ነው። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮሪያ ለተዋጉት ኢትዮጵያውያን መታሰቢያ ሐውልት የቆመው በዚያ ከተማ ነው። ፍቅረኞች ዛፍ በተሰለፈበት መንገድ ላይ ፎቶግራፍ ሊነሡ ይሄዳሉ፤ በዚያው ከተማ የአያቶቻችን ስም በድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እዚህም ቢሆን እኛ ከሥዕሉ ጠርዝ ጥቂት ወጣ ብለን ቆመናል።

ስለ ጎረቤታችን ስለ ኬንያ ብዙ አልልም። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው «አውት ኦፍ አፍሪካ» ሰባት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ የባለ ታሪኳ የካረን ብሊክሰን ቤትም በናይሮቢ ሙዚየም ሆኖ ብዙ ሰው ይጎበኘዋል። ሜዳውና ተራራው በእውነት ያምራል። ነገር ግን በዚያ ፊልም ውስጥ የሚፋቀሩት ከባሕር ማዶ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የአገሩ ባለቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሳላፊ ወይም የእርሻ ሠራተኛ ነው። እኔ ፊልሙን ስመለከት ወዴት መጓዝ እንዳለብኝ ጠፋኝ፤ የእኔ መልክ ያለው ሰው እዚያ ሥራ ላይ ነበርና።

እዚህ ላይ ወላጆች የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ሁሉ ፊልም ልጆቻችንን ወደ ስደት አይገፋምን?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከዚህ ከተማ በመተማ በኩል ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች አሉ፤ እናቶቻቸው ከዚህ ጉባኤ መካከል ተቀምጠው ይሆናል። እኔ ግን ልጁን ከቤቱ የሚያስወጣው ሥራ ማጣትና የመንገድ መዘጋት እንጂ ፊልም ነው ብዬ አላምንም። ፊልሙ ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ጕዞውን ቀላል ያስመስላል። እስኪ ከእናንተ መካከል በፍቅር ፊልም ውስጥ ቪዛ ሲጠየቅ ያየ ማን ነው? በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ዲልዋሌ ዱልሀኒያ ሌ ጃየንጌ» የተባለውን የህንድ ፊልም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለት ወጣቶች ከሎንዶን ተነሥተው አውሮፓን በባቡር ይዞራሉ፤ ባቡር ያመልጣቸዋል፤ ገንዘብ ይቸግራቸዋል፤ ይዘፍናሉ። ፎርም ሲሞሉ፣ የባንክ ደብተር ሲያሳዩ፣ በኤምባሲ ደጅ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወረፋ ሲይዙ ግን አላየንም። ይህ ቢታይ ፊልሙ ስድስት ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ተመልካቹም ይተኛ ነበር።

ደግሞ ሥዕል የሚቈርጠው ፊልም ሠሪ ብቻ አይደለም። ከሰፈራችን ወደ አረብ አገር ለቤት ሥራ የሄደች አንዲት እኅታችን አለች። በየወሩ ፎቶግራፍ ትልካለች፤ በባሕር ዳርቻ ቆማ፣ መነጽር አድርጋ፣ ከበስተኋላዋ ረጃጅም ፎቆች ይታያሉ። ታናናሾቿ ያንን ፎቶግራፍ እያዩ አገሩን ይናፍቃሉ። እናቷ ግን አንድ ቀን ፎቶግራፉን በጣታቸው አስፍተው አስፍተው እጇን ብቻ ተመለከቱ፤ በእጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበር። እትዬ ፊልም አይተው አያውቁም፤ ሥዕል እንዴት እንደሚታይ ግን ከእርሳቸው ተማርሁ።

አሁን ወደ ቤታችን ወደ ጣና ልመለስ፤ እኛም በሌላው ዓይን የፍቅር አገር ነንና። በየዘፈኑና በየአማርኛው ፊልም ሐይቁ አለ፤ ዘንባባው አለ፤ የምትጠልቅ ፀሐይ አለች። ስለዚህም ከአዲስ አበባና ከሌላም ቦታ ሙሽሮች ለጫጉላ ሽርሽር ወደ ባሕር ዳር ይመጡ ነበር። ሙሽሮቹ ሐይቁን በሥዕል አይተው ስለሚመጡ ከመጡ በኋላ የሚገርማቸው ነገር ብዙ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት እንዳለው፣ ማዶው እንደማይታይና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ እንደሚያናውጥ ሥዕሉ አይነግርም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ የወረረውን እንቦጭ፣ እርሱንም በእጃቸው እየነቀሉ የደከሙትን ገበሬዎች አያሳይም። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች በሥዕሉ ውስጥ ቢገቡም ለጌጥ ያህል ነው፤ ስማቸውን የሚጠይቅ የለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም እንዲሁ ነው። ፖስት ካርዱ የተነሣው በመስከረም ሙላት ነው፤ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ ግን ውሃው ስለሚጠለፍ በበጋ ወራት ፏፏቴው ሲሳሳ ታይቷል። በግንቦት የመጣ ሙሽራ «ጢሱ የታለ?» ብሎ አስጎብኚውን ቢጣላ አይፈረድበትም።

ጣናን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ አገር ያሳየ ፊልም ግን አለን፤ እርሱም በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የተባለው ሰው በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ እዚያው በዘረኞች እግሩን አጥቶ፣ በጣና ዳር ወዳለው ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። በዚያም ፍቅር አለ፤ ነገር ግን ሐይቁ ለፍቅረኞች የተዘረጋ ምንጣፍ አይደለም። ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ይደበቃሉ፤ እናቶች ያለቅሳሉ፤ ማለዳ ጭጋጉ ይነሣል። ይህን ፊልም ያየ የውጭ ሰው ወደዚህ ቢመጣ የሚያገኘው ያየውን ነው። ፊልሙ ረጅም ስለሆነና ስለማይዘፈንበት ከክፍላችን ልጆች ብዙዎቹ አላዩትም፤ እኔ ግን ከዚህ ዓመት ፈተና በፊት ሳይሆን በኋላ እንዲያዩት እመክራለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ውስጥ ግጭት ሆነ። ሙሽሮቹም ፈረንጆቹም ቀሩ። ጎንደር ዘመድ ያላቸው ተማሪዎች እንኳ ለበዓል መሄድ የፈሩበት ጊዜ ነበር። በእነዚያ ወራት ነው በወንበር ላይ ሆኖ መጓዝ ምን እንደ ሆነ የገባኝ፤ ሌላ ጕዞ አልነበረምና።

የአባቴ ወንድም፣ እኛ ጋሼ የምንለው፣ በሐይቁ ላይ ባለ ሞተር ጀልባ ነው። ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያደርስ ነበር። ሥራ ከተፈታ በኋላም እሑድ እሑድ ጀልባው ዘንድ መሄድ አልተወም። አንድ እሑድ ከታናሽ ወንድሜ ጋራ ምሳ ወስደንለት፣ በታሰረችው ጀልባ ውስጥ ተቀምጠን በስልኬ የህንድ ፊልም አሳየሁት። ፊልሙ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው «ካሽሚር ኪ ካሊ» ነው። ዳል በተባለው የካሽሚር ሐይቅ ላይ፣ ሺካራ በሚባሉ ቀጫጭን ጀልባዎች፣ ሻሚ ካፑር እየዘለለ ለሻርሚላ ታጎር ይዘፍንላታል። እኔ ሐይቁንና በረዷማውን ተራራ አያለሁ፤ ጋሼ ጀልባውን ያያል። «ወንበሩ ትራስ አለው» አለ። ጥቂት ቈይቶም «መቅዘፊያው የልብ ቅርጽ አለው፤ ውሃ እንዴት ይገፋል?» ብሎ አቁሚልኝ አለኝና ቀረብ አድርጎ መረመረው። ሻሚ ካፑር ሲዘልል ደግሞ «ይህ ሰው ታንኳ ላይ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ዓሣ በልቶት ነበር» ብሎ ሣቀ።

ፊልሙ ሲያልቅ ያነበብሁትን ነገርሁት። ካሽሚር በህንድ ፊልም የፍቅር አገር ነበረች፤ ያሽ ቾፕራ የተባለው ታላቁ ፊልም ሠሪም በ1976 እ.ኤ.አ. «ካቢ ካቢ» የተባለውን ፊልሙን በዚያ አንሥቷል። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በካሽሚር ጦርነት ተነሣ። ፊልም ሠሪዎቹም በረዶውንና ተራራውን ፍለጋ ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። ህንዳውያን ጎብኚዎችም ፊልሙን ተከትለው ወደዚያ ጐረፉ። በኢንተርላከን ከተማ በ2016 እ.ኤ.አ. ለያሽ ቾፕራ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል፤ አገሩን ያስተዋወቀላቸው እርሱ ነውና።

ጋሼ ስለ ስዊዘርላንድ ምንም አልጠየቀኝም። «እነዚያ ባለ ሺካራዎቹስ?» አለኝ።

«ተቀምጠው ጠበቁ።»

«ሰዎቹ ተመለሱላቸው ወይ?»

«ያሽ ቾፕራ ራሱ ለመጨረሻው ፊልሙ ወደ ካሽሚር ተመልሶ ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ.» አልሁት። «ጎብኚውም ተመልሶ ነበር። በ2025 ሚያዝያ እንደ ገና ሰው ተገደለና ፈሩ እንጂ።»

«ከ1989 እስከ 2012» አለ፤ በጣቱ ቈጠረ። «ሃያ ሦስት ዓመት።»

ወደ ሐይቁ ተመልክቶ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደና የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ቤንዚን ተወድዶ ሳለ ለምን እንደሚያስነሣው ወንድሜ ጠየቀው። ሞተር በየሳምንቱ ካልተነሣ ውስጡ ይዝጋል አለ። ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበው፤ በሦስተኛው ተነሣ። ጀልባዋ እንደ ታሰረች አሥር ደቂቃ ያህል አጕረመረመች። ከዚያ አጠፋው፤ ክዳኑንም ገጥሞ በጨርቅ ጠረገው።